ሺዮን ግንብ፦ እስር ቤት ከመሆኑ በፊት ኬላ ነበር

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ጄኔቭ ነው። እናቴ በክረምቱ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ የ5 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። ሞንትሮ አጠገብ ሐይቁ ላይ የቆመውን ቺሎን የሚባል ግንብ ላሳያት አስቤያለሁ። ታሪኩ ምንድን ነው? በሰንሰለት ታስሮ ኖረ የሚባለው ሰው እውነት ነው ወይስ ልብ ወለድ? ውስጡ ምን ይታያል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከውጭ አይተን ብንመለስ ይሻላል?»

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ሲጻፍ ሁለት «ኤል» ቢኖረውም ሲነበብ «ሺዮን» ነው። አውቶቡሱ ውስጥ የሚጠራው በዚሁ ድምፅ ስለሆነ «ቺሎን» እስኪባል ከጠበቁ ፌርማታው ያልፍዎታል። የመጨረሻ ጥያቄዎን ደግሞ አስቀድሜ ልመልስ፦ ከውጭ አይተው አይመለሱ። ከመንገዱ በኩል የሚታየውና ውስጥ ገብተው በሐይቁ በኩል የሚያገኙት ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ናቸው ማለት ይቻላል። ለእናትዎም የሚሆን መንገድ አለ፤ ወደ ኋላ እደርስበታለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ «ክረምት» ስል ግን የአገራችንን ክረምት፣ ማለትም የአውሮፓን ሞቃት ወራት ማለቴ ነው።

ግንቡን ለመረዳት መነሻው መንገዱ ነው። በሌማን ሐይቅ ምሥራቃዊ ጫፍ ተራራው ቁልቁል ወርዶ ውሃው ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። በተራራውና በውሃው መካከል የቀረችው ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ናት። ከጣሊያን ተነስቶ 2,469 ሜትር ከፍታ ያለውን የታላቁን ቅዱስ በርናርድ በር አቋርጦ ወደ ሰሜን የሚሄድ ነጋዴ፣ ተሳላሚም ሆነ ወታደር በዚህች መተላለፊያ ማለፍ ነበረበት። ከዳር ትንሽ ፈንጠር ብሎ ደግሞ ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ስፋቱ 50 ሜትር ገደማ የሆነ የድንጋይ ደሴት አለ። ከየብሱ የሚለየው ጠባብ የውሃ ቦይ ተፈጥሮ ራሷ የቆፈረችው የምሽግ ጉድጓድ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው ሠራዊት ሳያሰልፍ መንገዱን መዝጋት ይችላል። ባጭሩ ቦታው ኬላ ነው። ቤተ መንግሥትነቱም፣ እስር ቤትነቱም፣ ጎተራነቱም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ግንቡ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳው በ1150 ነው። የሳቮይ ኮንት ኡምቤር 3ኛ የኦክሬ ገዳም መነኮሳት በሺዮን በነፃ እንዲያልፉ የፈቀደበት ሰነድ ነው። ስለ ግንቡ የተጻፈው የመጀመሪያው ወረቀት ስለ ጦርነት ወይም ስለ ዘውድ ሳይሆን ያለ ቀረጥ ስለ ማለፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሳቮይ ማለት በአልፕስ ተራሮች ግራና ቀኝ በሮቹን እየያዘ ያደገ የመሳፍንት ቤት ነው። መሬታቸው ለእርሻ ይህን ያህል የሚመች አልነበረም፤ ሀብታቸው ሌላው ሰው የሚመላለስበት መንገድ ነበር። በ1214 ኮንት ቶማስ 1ኛ ከግንቡ ትንሽ ወረድ ብሎ ቪልነቭን (ትርጉሙ «አዲስ ከተማ» ነው) ቆረቆረ። ቀረጡ እዚያ ይሰበሰባል፣ የጦር ጀልባ እዚያ ይሠራል፣ ግንቡ ደግሞ ከላይ ሆኖ ይጠብቃል።

ዛሬ የምናየውን ቅርጽ በአብዛኛው ያገኘው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በፒየር 2ኛ ዘመን ነው። ይህ ሰው ከሳቮይ ወጥቶ እንግሊዝ አገር ትልቅ ባለሥልጣን የሆነ ነው። የእህቱ ልጅ የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሚስት ስለነበረች ንጉሡ በ1246 በቴምዝ ወንዝ ዳር ሰፊ መሬት ሰጠው። ለንደን ያሉ አንባቢዎች በስትራንድ ጎዳና ሲያልፉ የሚያዩት ሳቮይ ሆቴል ስሙን የወረሰው ከዚያ መሬት ነው። ፒየር ሺዮንን ሲያስፋፋ የየብሱን ፊት አጠናከረ፤ ግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሦስቱ ማማዎች፣ የቀስት ቀዳዳዎቹና ወጣ ብለው የተንጠለጠሉት የድንጋይ መወርወሪያዎች በሙሉ ወደ መንገዱ ያፈጣሉ። በሐይቁ በኩል ግን ትልልቅ ያጌጡ መስኮቶች አሉ። ውሃውን የሳቮይ ጀልባዎች ስለሚቆጣጠሩት ከዚያ በኩል ጠላት ይመጣል ብሎ የሰጋ አልነበረም። ስለዚህ ወታደሩ ወደ መንገዱ፣ ጌታው ወደ ሐይቁ ፊታቸውን አዙረው ይኖራሉ። ይህን አንድ ነገር ይዘው ከገቡ እያንዳንዱ ክፍል ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ያለ አስጎብኚ ይገባዎታል።

ብዙ ሰው ውስጥ ገብቶ «ባዶ ነው እኮ!» ብሎ የሚከፋበትም ምክንያት አለ። የሳቮይ መሳፍንት በአንድ ከተማ ረግተው አይቀመጡም ነበር። ከግንብ ግንብ ይዞራሉ፣ ፍርድ ይሰጣሉ፣ ያገኙትን በልተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የእኛ ነገሥታት ከጎንደር በፊት በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ እንደነበረው ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱን የሚጠብቃቸው የድንጋይ ቤት መሆኑ ነው። አልጋው፣ የግድግዳው መጋረጃ፣ ዕቃው ሁሉ በሣጥን ታጭቆ በበቅሎ ይጫናል። ጌታው ሲሄድ ክፍሉ በዚያ ዘመንም ባዶ ነበር። በግንቡ ውስጥ የሚያዩዋቸው ትልልቅ የእንጨት ሣጥኖችም በዚህ ዓይን ሲታዩ ትርጉም ያገኛሉ።

ጨለማውን ታሪክ ዘሎ ማለፍ አይገባም። በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ ሲገባ «አይሁዶች ጉድጓድ መረዙ» የሚል ወሬ ተነዛ። የቪልነቭ አይሁዶች ተይዘው ሺዮን ውስጥ ተሠቃዩ፤ በሥቃይ ብዛት ያልሠሩትን ሠራን አሉ። ቃላቸው ተጽፎ ወደ ስትራስቡርግ ተላከ። በፌብሯሪ 14 ቀን 1349፣ የስትራስቡርግ አይሁዶች በጅምላ ተቃጠሉ። በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ደግሞ በጥንቆላ የተከሰሱ ሴቶችና ወንዶች በዚሁ ግንብ ታስረዋል። ሺዮን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ እስረኛ ብቻ መሆኑ ለእኔ ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው።

ያ አንዱ እስረኛ እውነተኛ ሰው ነው። ስሙ ፍራንሷ ቦኒቫር፣ ሥራውም የጄኔቭ የቅዱስ ቪክቶር ገዳም አለቃ ነበር። የተጣላው ከሳቮይ መስፍን ከሻርል 3ኛ ጋር ነው፤ መስፍኑ ጄኔቭን መዋጥ ይፈልግ ነበር፣ ቦኒቫር ደግሞ የከተማዋን ነፃነት ከሚደግፉት ወገን ቆመ። በ1530 መንገድ ላይ ተይዞ ወደ ሺዮን ተወሰደ። እዚህ ላይ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይዛነፋል፦ ስድስቱን ዓመት በሙሉ በሰንሰለት አልኖረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከላይ፣ ለማዕረጉ የሚመጥን ክፍል ውስጥ ነበር። መስፍኑ ግንቡን ከጎበኘ በኋላ ነው ወደ ምድር ቤቱ የወረደው፤ እዚያም አራት ዓመት ቆየ። ከመመላለሱ ብዛት ድንጋዩ ላይ መንገድ እንደወጣ ራሱ ጽፎታል። ዛሬም ጎብኚዎች ዓምዱ ሥር አጎንብሰው ያንን ፈለግ ይፈልጋሉ።

ያስፈቱት በርን ከምትባለው የስዊስ ከተማ የመጡ ሰዎች ናቸው። የበርን ጦር በ1536 መጀመሪያ ጄኔቭን ለመርዳት ተነስቶ በመንገዱ ላይ የቮን አገር (የሐይቁን ሰሜናዊ ዳርቻ ግዛት) በሙሉ ያዘ። ሺዮን በመጨረሻ ከወደቁት አንዱ ነው። ከየብስ በኩል መድፍ፣ ከሐይቁ በኩል የጄኔቭ ጀልባዎች መጡበት። ያ በሐይቁ በኩል ጠላት አይመጣም የሚለው የ300 ዓመት ስሌት የከሸፈው ያን ዕለት ነው። የግንቡ አዛዥ በጀልባ አምልጦ ወደ ማዶ ተሻገረ፤ ማርች 29 ቀን 1536 ቦኒቫር ወጣ። ዘመኑን በአገራችን ለማስላት፣ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆሩ 100 ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ቦኒቫር ጄኔቭ ሲመለስ ከተማዋ ነፃ ወጥታ፣ ሃይማኖቷን ለውጣ ጠበቀችው። የእሱ ገዳም ግን የለም፤ የጄኔቭ ሰዎች ራሳቸው ለመከላከያ ሲሉ በ1534 አፍርሰውታል። ገዳሙን ያጣው አለቃ አራት ጊዜ አገባ፣ የከተማዋን ዜና መዋዕል ጻፈ፣ መጻሕፍቱን ለከተማዋ ተናዞ በ1570 ሞተ። እርስዎ የሚኖሩባት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መነሻው እነዚያ መጻሕፍት ናቸው።

ልብ ወለዱ የመጣው ከእንግሊዛዊው ገጣሚ ከሎርድ ባይረን ነው። ባይረን ግንቡን የጎበኘው በጁን 1816 ነው። ያ ዓመት በአውሮፓ «በጋ (ሞቃት ወቅት) የሌለበት ዓመት» ይባላል፤ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የፈነዳው ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ አየሩን ስላጨለመው ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ባይረንም ዝናብ ሎዛን አጠገብ ኡሺ ላይ ሲያግተው «የሺዮን እስረኛ» የሚለውን ግጥም በጥቂት ቀናት ጨረሰው። በግጥሙ እስረኛው ወንድሞቹ አጠገቡ በሰንሰለት እንደታሰሩ ሲሞቱ ያያል። እውነተኛው ቦኒቫር እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰበትም። ባይረን ሲጽፈው ስለ ሰውየው ብዙ አያውቅም ነበር፤ በኋላ ሲያውቅ ለእውነተኛው ቦኒቫር ሌላ አጭር ግጥም ከፊት ጨመረለት። እስር ቤቱ ከውሃ በታች ነው የሚለው ወሬም ከዚሁ ግጥም የወጣ ነው። ወለሉ ከሐይቁ ወለል በላይ ነው፤ ገብተው በመስኮቶቹ ቢመለከቱ ውሃው ታች ሆኖ ያዩታል።

በርን ከ1536 እስከ 1798 ገዛ። ሹሙ እዚያው ግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ይዳኝ ነበር፤ በ1733 ወደ ቬቬ ሲዛወር ግንቡ መጋዘንና ጎተራ ሆነ። በጃንዋሪ 1798 የቮ ሰዎች ያለ ብዙ ግርግር ያዙት፤ በ1803 ቮ ራሱን የቻለ ካንቶን (የስዊዘርላንድ ክልል) ሲሆን ግንቡ የካንቶኑ ንብረት ሆነ። ከዚያም የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤትና እስር ቤት ሆኖ አገለገለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲዱ በአጠገቡ ተዘረጋ፤ በዘመኑ መጨረሻ ደግሞ አልቤር ናፍ የሚባል አርኪዮሎጂስት እየቆፈረ፣ እየለካ፣ እየመዘገበ ማደሱን ተያያዘው። ሥራው ዛሬም አላለቀም፤ ስለዚህ አንዱ ማማ በመወጣጫ ተሸፍኖ ቢያገኙት አይደነቁ። ከ2002 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለዚሁ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው።

አሁን ወደ ጉብኝቱ።

ከጄኔቭ ሞንትሮ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ ሞንትሮ ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ቬቶ በምትባል ትንሽ ቀበሌ ነው። «ቬቶ ሺዮን» የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፤ ነገር ግን ፈጣኖቹ ባቡሮች ሳይቆሙ ያልፉታል። ከሞንትሮ ወይም ከሎዛን በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር መያዝ ያስፈልጋል። ለእናትዎ የሚቀለው ግን ሞንትሮ ወርዶ ወደ ቪልነቭ የሚሄደውን 201 ቁጥር አውቶቡስ መያዝ ነው። 10 ደቂቃ ገደማ ወስዶ ግንቡ ፊት ለፊት ያወርዳል። ጉልበታቸው ደህና የሆኑ ሰዎች ከሞንትሮ በሐይቁ ዳር በአበባ መካከል በእግር ሊሄዱ ይችላሉ፤ ለጥ ያለ መንገድ ነው፣ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በጀልባ ከጄኔቭ መምጣት ግማሽ ቀን ይበላል፤ አይሞክሩት። ከሞንትሮ ግን አጭርና ደስ የሚል ነው፤ በመመለሻው ልጆቹን በዚያ ሊክሷቸው ይችላሉ። በመኪና ከመጡ በመንገዱ ዳር ያለው ማቆሚያ ጥቂት ነው፣ ይከፈልበታል፣ በክረምት ቅዳሜና እሑድ ከረፋዱ በኋላ አይገኝም።

የትኬቱ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ከመነሳትዎ በፊት የግንቡን ድረ ገጽ ይመልከቱ። ነገር ግን ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ያስቡ። እናትዎ ነዋሪነታቸው ከስዊዘርላንድ ውጭ ስለሆነ ለጎብኚዎች ብቻ የሚሸጠውን ስዊስ ትራቭል ፓስ መግዛት ይችላሉ። ባቡሩን፣ አውቶቡሱን፣ ጀልባውንና የግንቡን መግቢያ ጭምር ይሸፍናል። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ አያዋጣም፤ ብዙ ቀን ልታዘዋውሯቸው ካሰባችሁ ግን ያዋጣል። እርስዎ ነዋሪ ስለሆኑ አይፈቀድልዎትም፤ የእርስዎ መላ ዴሚ ታሪፍ (የግማሽ ዋጋ የጉዞ ካርድ) ነው። የሙዚየም ፓስ ያለው ሰው በነፃ ይገባል። ከ6 ዓመት በታች ያለው ልጅ አይከፍልም።

የመጨረሻው መግቢያ ከመዘጋቱ አንድ ሰዓት በፊት ነው። ዲሴምበር 25 እና ጃንዋሪ 1 ዝግ ነው። የአስጎብኚ አውቶቡሶች የሚበዙት በእኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ በጠዋት ሲከፈት መግባት ከሁሉ ይሻላል። አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ተራራው በምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ግንቡ ጥላ ውስጥ ነው። ፎቶ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ፣ ከሞንትሮ በኩል ባለው የእግር መንገድ ላይ ቆሞ ያንሳ። ከበስተ ጀርባ ዳን ዱ ሚዲ የሚባለው ባለ በረዶ ተራራ ይገባል፤ ከላይ በኩል የሚያልፈው የአውራ ጎዳና ድልድይ እንዳይገባ ካሜራውን ወደ ቀኝ ማዘንበል ነው።

ድልድዩን ተሻግረው ሲገቡ ቁጥር የተጻፈበት ካርታ ይሰጣል፤ ክፍሎቹም ያንኑ ቁጥር ይዘዋል። ለድምፅ መሣሪያው ለብቻ ይከፈላል። አማርኛ ስለሌለ ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ ለአያቱ ያስተርጉም። ግንቡ 25 ያህል ሕንፃዎች በተለያዩ ግቢዎች ዙሪያ ተሰካክተው የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን ካልተከተሉ በእርግጥ ይጠፋሉ፤ ያየኸውን ክፍል ደግመህ ታያለህ፣ ዋናውን ሳታይ ትወጣለህ።

መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚወረደው። ደረጃው አጭር ነው፤ እናትዎ የልጅ ክንድ ይዘው ሊወርዱት ይችላሉ፣ መውረድም አለባቸው። ጫማ ግን የማያንሸራትት ይሁን፤ ወለሉ በከፊል ያልተጠረበ አለት ነው። በክረምትም ቢሆን ቀዝቃዛ ስለሆነ ነጠላ ብቻ አይበቃም፣ ሹራብ ይያዙ። የሚያዩት ነገር እንደ እስር ቤት ሳይሆን እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው፦ ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተሠራ፣ በዓምዶች የተከፈለ፣ አንዱ ጎኑ ደሴቱ ራሱ የሆነ። ሲሠራ ለመጋዘንና ለመሣሪያ ማስቀመጫ ነበር። ዛሬም አንደኛው ክፍል የወይን ጠጅ በርሜሎች ይዟል፤ ወይኑ ከአካባቢው ማሳ የተመረተ ነው፣ ሱቁም ይሸጠዋል። ቀጥሎ ሰው ይሰቀልበት የነበረ ግንድ ያለበት ክፍል፣ ከዚያ የቦኒቫር እስር ቤት። የባይረን ስም የተቀረጸው በሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው፤ በመስታወት ስለተሸፈነ በቀላሉ ያገኙታል። ሰው ሁሉ እሱን ፎቶ ሲያነሳ እርስዎ ጣሪያውን ይመልከቱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሐይቁ ላይ አርፋ በጠባቦቹ መስኮቶች ስትገባ የውሃው ነጸብራቅ ቅስቱ ላይ ይደንሳል። የትኛውም ፎቶ ያንን በደንብ አይዘውም።

ከምድር ቤቱ ሲወጡ አብዛኛው ጎብኚ «ዋናውን አየሁ» ብሎ እግሩ ይፈጥናል። ዋናው ገና ነው። አንድ ፎቅ ወጥተው ትልልቆቹ አዳራሾች ይገኛሉ፦ የግብር (የግብዣ) አዳራሹ፣ የእንጨት ዓምዶቹ፣ ሰው ቆሞ የሚገባባቸው ምድጃዎች። ከእነሱ አልፎ የሹሞቹ ጋሻና ዓርማ የተሳለበት አዳራሽ አለ። መስኮቶቹ ሥር ከግድግዳው ጋር የተሠሩ የድንጋይ መቀመጫዎች አሉ። እናትዎን እዚያ ያሳርፏቸው፤ ሐይቁ እስከ ማዶ የፈረንሳይ ተራሮች ድረስ ከፊታቸው ይዘረጋል። የሳቮይ እመቤቶችም እዚያው ተቀምጠው ይሆናል መንገደኛ ሲጠብቁ የሚውሉት።

ለእናትዎ በተለይ አስቤ የምመክረው ክፍል የጌታው መኝታ ቤት ነው፤ በላቲን «ካሜራ ዶሚኒ» ይባላል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሳሉ የግድግዳ ሥዕሎች አሉት። ግድግዳው ላይ እንስሳት በሣር መካከል ይታያሉ፤ ከምድጃው በላይ ደግሞ በፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ የሚወጋ ባለ ጦር አለ። ማን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ እናት ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ግን ሰማዕቱን ከሩቅ ያውቁታል። የግንቡ ጸሎት ቤትም በስሙ የተሰየመ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ጌታው ከመኝታ ቤቱ በራሱ ጠመዝማዛ ደረጃ ወርዶ ሰው ሳያየው ይጸልይ ነበር። በርን ፕሮቴስታንት ስለነበረ ጸሎት ቤቱ በእነሱ ዘመን ሥዕሉ በኖራ ተሸፍኖ ለሌላ አገልግሎት ዋለ። ዛሬ የምናየው ኖራው ተፍቆ የተረፈው ነው። እናትዎ ውስጥ ገብተው ቢሳለሙ የሚከለክል የለም።

ከዚያ የበርን ሹሞች ክፍሎች አሉ፤ ቶሎ ማለፍ ይቻላል። ልጆቹ ግን ሽንት ቤቱን ሳያዩ አይለፉ። ከእንጨት ተሠርቶ ቀዳዳዎች የተበጁለት፣ ከሥሩ ረጅም የድንጋይ ጉድጓድ ቀጥታ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ከባይረን ይልቅ ይህን ለጓደኞቹ ያወራል። ማዕዱም አልጋውም ሽንት ቤቱም በሐይቁ በኩል፣ ወታደሩ በመንገዱ በኩል የሚለው ነገር እዚህ ላይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

የመጨረሻው ክፍል የየብሱ ወገን ነው፦ በግድግዳው ላይ የሚሄደው የዘብ መንገድና ዋናው ማማ። ማማው የግንቡ ጥንታዊ እምብርት ነው፤ የመጨረሻ መሸሸጊያና ግምጃ ቤት ነበር። እዚህ ላይ እናትዎ አይውጡ። ደረጃዎቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጠባብ ናቸው፤ የሚወጣና የሚወርድ ሰው በመካከል ሲገናኝ አንዱ መመለስ አለበት። ለጉልበት ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ይከፋል። እሳቸው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ሲያርፉ አንድ አዋቂ ልጆቹን ይዞ ይውጣ። የ5 ዓመቱ እጁ ተይዞ መሆን አለበት። በሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ረጅም ሰው ግንባሩን ይጠብቅ። ከላይ ሆነው መንገዱን፣ ሐዲዱን፣ አውቶቡሱንና ከላይ የአውራ ጎዳናውን ድልድይ ባንድ ጊዜ ሲያዩ፣ አራቱም በዚያችው ጠባብ መተላለፊያ ተጨናንቀው የሚያልፉ መሆናቸውን ለትልቁ ልጅ ያሳዩት። ፊት ለፊት ባለው ገደል ውስጥ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተቆፈረ ምሽግ አለ፤ ስዊሶችም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያንኑ መንገድ ሊዘጉ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኙም። አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ትኬቱ ለብቻ ነው፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም ከልጆች ጋር ማየት አድካሚ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ ሁሉን ለማየት ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከእናትዎ ጋር ማማውን ትተው፣ እያረፉ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስቡ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ግቢዎቹን በከፊል ከማየት ያለፈ አይችልም፤ ወለሉ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ሊፍት የለም። የሕፃን ጋሪም መግቢያው ላይ መተው አለበት።

ምግብን በተመለከተ ከግንቡ ውጭ ሐይቁ ዳር ካፌ አለ። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም የሐዋርያት ጾም ላይ ከሆነ ግን ለእናትዎ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል፤ የጾም ነገር አለ ብለው ሲጠይቁ አይብ ያለበት ሳንድዊች ይቀርብልዎታል። በሞንትሮ በኩል ባለው የሐይቅ ዳር መንገድ አግዳሚዎችና ጥላ ያላቸው ዛፎች አሉ፤ ምሳ እዚያ ተበልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ወደ ግንቡ ሲዞር ፎቶውን አንስቶ 201ን መያዝ ነው።